የፓርቲ ካርድ ከሌለህ ልምድ የለም? ኧረ ተው!

ሐዋሳ ለምትመረቀው ወንድማችን፦ «የፓርቲ አባል ካልሆንክ በመንግሥትም በፖለቲካም የሥራ ልምድ አታገኝም፤ መጀመሪያ ካርድ አውጣ» ያለህ ሰው አሳስቶሃል። እርግጥ ሹመት ፖለቲካ ነው። ካቢኔ ውስጥ ተፈትኖ የገባ አላውቅም። ጀማሪ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የምርጫ አስፈጻሚነትን ውሰድ። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ 1162/2011፣ አስፈጻሚ የሚሆን ሰው የፓርቲ አባል እንዳይሆን ይጠይቃል። ያ ካርድ እዚህ ከበር ያስመልስሃል! እዚሁ ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው ሲካሄድ ጣቢያዎቹን ያንቀሳቀሱት ምርጫ ቦርድ የመለመላቸው አስፈጻሚዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ አስተናግደህ፣ ማታ ታዛቢ ዓይኑን ተክሎብህ ድምፅ ስትቆጥር፣ ክፍል ውስጥ ያልሰማኸውን ፖለቲካ ታያለህ። ምርጫ ሲቃረብ የቦርዱን ማስታወቂያ ተከታተል።

ምርጫ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ቀበሌና ክፍለ ከተማ አለ። ለተግባር ልምምድ ሲልኩህ «ፎቶኮፒ ሊያስነሱኝ ነው» ብለህ አትናቅ። መዝገብ ቤት መድቡኝ በል። ገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝግብ፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዝ። ባለጉዳይ ለምን «ነገ ተመለስ» እንደሚባል ያኔ ይገባሃል (አንዳንዴ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ሆኖ ነው፣ አንዳንዴ... እንተወው)። የክረምት በጎ ፈቃድም አለ።

ልምምዱ ለቅጥር እንደ ሥራ ልምድ ላይያዝልህ ይችላል። ቢሆንም ስትወጣ የሠራኸው ሥራና ቀኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተቀበል።