ሰብለን እንደገና ሳነባት

ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ገጸ ባሕርይ ራሱን የሚያገኘው በፍቅር ነው» ይላል። እስማማለሁ፤ ግን የማኅበረሰቡን ጫና አሳንሶታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ሲፈልጉ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ሳታገባ ቆየች። እሷም ዝም አለች። በዛብህን ስትወድ ግን የራሷ ፈቃድ እንዳላት አወቀች። ቤቱን ጥላ እስከ መውጣት ደረሰች! በዛብህ ደግሞ የድሃ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የስለት ልጅ። ገና ሳያያት ሕይወቱ ተወስኖለት ነበር።

ታሪኩ የጎጃም ነው። እኛ ጎንደርም ግን «የማን ልጅ ናት?» አልቀረም። አዘዞ አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ ዛሬም ይነሳል። እኔም ተጠይቄ መልስ አጥቻለሁ። ያን ሰሞን መጽሐፉን ደግሜ ሳነበው የሰብለ ዝምታ በጣም አመመኝ።