ጠብ እስኪል

ትዕግሥት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ዋልድባ ድረስ መድከም የለበትም። ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይግባና፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በሮናልድ ሬገን ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ጋ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበትን ሜዳ ይጎብኝ። እዚያ አማርኛ የሥራ ቋንቋ ነው። ፔርሙዝ ሙሉ ቡና አለ፣ በፌስታል የመጣ አምባሻ አለ፣ ኮፈን ተደግፎ የሚካሄድ ክርክር አለ። ተሳፋሪ እስኪገኝ አንድ ሰዓት፣ ሲከፋ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቢሆንም ማንም ተስፋ አይቆርጥም።

የአገሬ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተሳፋሪ ነው፤ እሱ ቢዘገይም ይመጣል። ሁለተኛው የሀብታም ግብር ሲቀነስ ወደ ታች ጠብ ይላል የተባለው ነው። ከ1981 ጀምሮ ብንቆጥር ይህኛውን መጠበቅ ከተጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በኛ አቆጣጠር ብናሰላውም መጠበቁ አያጥርም፤ ሞክሬዋለሁ።)

ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት የዚህን የሁለተኛውን ጠባቂ ነው፤ በተለይም አውራውን፣ እኛ «ሴናተሩ» የምንለውን ወዳጄን። ስሙን ያወጣንለት ለሹፈት ነበር። እሱ ግን ለበሰው፣ ልኩም ሆነ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ደግሞ አይቷቸው ለማያውቃቸው ቢሊየነሮች ያለ ክፍያ ጥብቅና ቆሟል። እንዲህ ያለ ጠበቃ በገንዘብ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ ባለጉዳዮቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህም ነው በነጻ የተዉት።

ሬገንን ይወዳል። አንድ ቀን፣ ሬገን ነሐሴ 1981 ላይ ሥራ ያቆሙ ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጊዜ ማባረራቸውን፣ ኋላም 1998 ላይ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው መሰየሙን ባነሳበት፣ «አየህ፣ ክብር ማለት ይሄ ነው» አለኝ። እኔም አየሁ።

አስተምህሮው አጭር ነው። «ስማኝ ወንድሜ፣ የሀብታሙ ሲኒ ሲሞላ ይፈሳል። ሲፈስ ማን ላይ ነው? ሥር ያለው ላይ!» ሲኒ ሲል የኛዋን የቡና ሲኒ ነው የሚያስበው፤ ሞልታ ረከቦቱን የምታርሰዋን። የዚያኛው ሲኒ ባለቤት ሊሞላበት ሲል በገንቦ እንደሚለውጠው፣ ገንቦው ሲሞላ በበርሜል፣ በርሜሉ ሲሞላ ደግሞ መርከብ ላይ በተሠራ የዋና ገንዳ እንደሚተካው ለሴናተሩ የነገረው የለም። ብንነግረውም «ገንዳውን የሚያጸዳ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያው ሥራ ፈጠረ ማለት አይደል?» ይለናል። ለዚህ መልስ የለኝም።

ትምህርቱ መሠረት የለውም እንዳትሉ። መሠረቱ ናፕኪን ነው። 1974 ላይ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ፣ አርተር ላፈር የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ለዋይት ሀውስ ሹማምንት ናፕኪን ላይ ጉብታ ስሎ አሳየ ይባላል። የጉብታው ፍቺ፦ ግብር ከልክ ካለፈ፣ ብትቀንሰው መንግሥት የሚሰበስበው ይጨምራል። ከልክ ያለፈው የት ጋ እንደሆነ ናፕኪኑ ላይ ቦታ አልነበረም መሰለኝ። ምሁሩ ራሱ ኋላ በታሪኩ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ሲናገር፣ የምግብ ቤቱ ናፕኪን የጨርቅ እንደነበረና እናቱም ጥሩ ዕቃ እንዳያበላሽ አድርጋ እንዳሳደገችው ገልጿል። እናትየዋን አከብራለሁ። ጨርቁን አድናለች፤ የአገር በጀት ግን በዚያ ዕድሜ ለልጅ የሚነገር አይደለም።

ያ ናፕኪን፣ ወይም ያ ነው የተባለው፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብቷል። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሴናተሩን ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ቦታ አልገባም አለኝ።

1980 ላይ ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ከሬገን ጋር ሲወዳደሩ ይህን ሐሳብ «የጥንቆላ ኢኮኖሚ» ብለውት ነበር። በዚያው ዓመት የሬገን ምክትል ሆነው ቀረቡ፤ ጥንቆላው ሠርቷል ማለት ነው። ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ70 በመቶ ወደ 50፣ ቀጥሎም ወደ 28 ወረደ። በስምንቱ ዓመት የአገሪቱ ዕዳ ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እና ምንም ጠብ አላለም ማለት ግፍ ነው።

ካንሳስ ላይ ብዙ አልቆይም። 2012 ላይ ገዥው ሳም ብራውንባክ ግብር ቀንሰው፣ ብዙ የንግድ ገቢዎችን ከግዛቲቱ የገቢ ግብር ጨርሰው ነጻ አውጥተው፣ ለኢኮኖሚው ልብ የአድሬናሊን መርፌ ነው አሉ። 2015 ላይ አንዳንድ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በጀት አጥሯቸው ዓመቱን ቀድመው ዘጉ። (ልጆቹ በጣም ተደስተው እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ይህም ጠብታ ነው።) 2017 ላይ የገዛ ፓርቲያቸው የተቆጣጠረው ምክር ቤት የገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ግብሩን መለሰው። ሴናተሩ ካንሳስ ሲነሳ ነገሩን ባጭሩ ይዘጋዋል፦ «እዚያማ አገሩ ራሱ ደረቅ ነው።»

በዚያው በ2017 መጨረሻ የኩባንያዎች ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 ሲወርድ ግን ሴናተሩን አለማመን ከባድ ነበር። የዋይት ሀውስ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የአንድ ቤተሰብ ገቢ በአማካይ ቢያንስ 4,000 ዶላር ይጨምራል ብለው ጻፉ። ሴናተሩ በዚያ ገንዘብ አራቱንም ጎማ ሊቀይር፣ የተረፈውን ለልጁ ኮሌጅ ሊያደርግ አሰበ። በተከታዩ ዓመት የአገሪቱ ትልልቅ አምስት መቶ ኩባንያዎች ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው ገዙ። ጎማው አልተቀየረም ማለቴ አይደለም። ተቀይሯል፣ በክሬዲት ካርድ።

እኔን የሚያስገርመኝ የሴናተሩ የሰው ተፈጥሮ ዕውቀት ነው። ሀብታም እንዲተጋ ሲጨመርለት፣ ድሃ እንዲተጋ ሲቀነስበት። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ጉርሻ ለሚቀበል አስተናጋጅ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ 2.13 ነው። ከፍ ይበል ሲባል ሴናተሩ «ስንፍና ያመጣል» ይላል። ይህን የሚለው በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ ነው። የራሱ ሠራተኛ ስለሆነ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠውን 15.3 በመቶ ሁለቱንም ድርሻ ለብቻው ይከፍላል፣ እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን። በ2025 የጡረታው መዋጮ የሚቆረጠው እስከ 176,100 ዶላር ድረስ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ሚሊዮን ደመወዝ ያለው ሰው ማርች መግቢያ ላይ ይህን ዕዳውን ጨርሶ ያርፋል። ያ ሰው ከሴናተሩ ታክሲ ኋላ ተቀምጦ ግብር ስለበዛበት ሲያማርር፣ ሴናተሩ በመስታወቱ እያየ ያጽናናዋል።

እንቅልፍ የሚነሳው ግን «የሞት ግብር» ነው። የውርስ ግብርን ተቃዋሚዎቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ስም አወጣጥ እንደሚችሉ አልክድም። በ2025 ይህ ግብር የሚነካው ከ13.99 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውርሶ የሚሞትን ሰው ነበር። በአዲሱ ሕግ ከ2026 ጀምሮ መነሻው 15 ሚሊዮን ሆኗል፤ ለባልና ሚስት 30። የሴናተሩ ሀብት ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፦ አንድ ቶዮታ ካምሪ፣ ከባንክ ጋር በጋራ የያዘው ኮንዶ፣ አዲስ አበባ ዳር ያለ፣ ከወንድሙ ጋር ፍርድ ቤት የሚመላለስበት ቦታ። «ልፋቴን ለልጆቼ እንዳላወርስ!» ሲል ግን ድምፁ ይሻክራል።

አምና ክረምት ከኛው ሜዳ አንድ ሰው አረፈ። ሬሳውን አገር ለማስገባት ካርቶን ይዘን ከመኪና መኪና ዞርን። ከሁሉ ቀድሞ መቶ ዶላር የወረወረው ሴናተሩ ነው። (ይህን ስል እያሾፍኩ አይደለም። ልቡ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ባይሆን ያን ሁሉ ቢሊየነር ባልያዘ።) በኛ ሠፈር የሞት ግብር ይህ ነው፤ የሚከፍለው ቋሚው ነው፣ መነሻውም ሚሊዮን አይደለም። ከፍትሐቱ ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አሥራ አምስት ሚሊዮን ራሱ በዛሬ ዋጋ ምን ገንዘብ ነው?» አለ።

አልዓዛር እንኳ በባለጠጋው ደጅ ሆኖ ፍርፋሪውን ተመኘ እንጂ፣ ባለጠጋው ግብር በዝቶበታል ብሎ ከውሾቹ ጋር አልተከራከረም።

ጁላይ 4፣ 2025 ትራምፕ የፈረሙትን ትልቁን የግብር ሕግ ሴናተሩ በቡና አከበረ። የኮንግረስ የበጀት መሥሪያ ቤት ሕጉን አስልቶ፣ ከታች ያለው አሥር በመቶ ቤተሰብ በዓመት ወደ 1,200 ዶላር እንደሚያጣ፣ ከላይ ያለው አሥር በመቶ ወደ 13,600 እንደሚያገኝ፣ በ2034 ደግሞ የጤና መድን የሌላቸው ሰዎች በአሥር ሚሊዮን እንደሚጨምሩ ገምቷል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ልል አፌን ስከፍት ሴናተሩ ቀደመኝ፦ «ጉርሻ ላይ ግብር ተነሳ! ጠብ አለ ወይስ አላለም?»

ጠብ ብሏል። እኔም እንደ ሌላው ሰው ደስ ብሎኛል። በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ጉርሻ የገቢ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ 15.3ቱ ግን እንዳለ ነው፣ ቅናሹም በ2028 ያበቃል። የኩባንያዎቹ 21 በመቶ ማብቂያ ቀን የለውም። የኛ ጠብታ ግን እንደ ወተት ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፎበታል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ሴናተሩ ያላነበበው አንድ አንቀጽ ነበር። በጃንዋሪ ከሥራ በፊት ገንዘብ የሚላክበት ሱቅ ይዞኝ ገባ። በየወሩ ለእናቱ ደሴ 300 ዶላር ይልካል። የጉርሻ ገንዘቡን ዝርዝር አድርጎ ቆጠረ። ልጅቷ «ሦስት ዶላር ይጨምራሉ ጋሼ» አለችው።

«የአገልግሎት ሰጥቻለሁ እኮ።»

«እሱ የኛ ነው። ይሄ የመንግሥት ነው፤ ካሽ ውጭ አገር ሲላክ አንድ በመቶ ግብር ገባበት። በካርድ ቢሆን አይቆረጥም ነበር።»

«ተሳስተሻል። እሱ የስደተኛ ነው። እኔ ዜጋ ነኝ።»

መጀመሪያ በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው 3.5 በመቶ ሆኖ ዜጋ ባልሆኑት ላይ ብቻ ነበርና ያለ ምክንያት አልተከራከረም። የጸደቀው ሕግ ግን ዜጋ፣ ስደተኛ ብሎ አይለይም። ልጅቷ ይህን ሁሉ አልዘበዘበችም። «ሁሉም ሰው ነው ጋሼ» አለችው፣ በትህትና።

ሴናተሩ ሦስት ነጠላ ዶላር አውጥቶ በመዳፉ አስተካከለና ሰጣት። ደረሰኙን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተው። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ እስክናስር አልተናገረም።

«ምንም አይደል» አለኝ ሞተሩን ሲያስነሳ። «ወደ ላይ ካልወጣ በምኑ ይፈሳል?»

ሜዳው ስንደርስ ከፊታችን አርባ አንድ ታክሲ ነበር። ፔርሙዙን አነሳና ሲኒዬ ላይ ዘቀዘቀው። አተላ ነበር።