ለ5 ዋት አምፕ የቱ ስፒከር ይሻላል? የከዚራና የቀፊራ ክርክር

ነገሩን ያመጣው አንድ የተቀደደ ስፒከር ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚኖር አንድ ጊታሪስት ባለ 5 ዋት ቲዩብ አምፕ (የጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) አለው። አብሮት የመጣው ባለ 8 ኢንች ስፒከር ወረቀቱ ተቀደደ። በምን ይተካ? ጊታሪስቱ "ለጊታር የተሠራ ስፒከር ይገዛ" ይላል። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው ሬዲዮ ሠሪ ደግሞ "ከድሮ ሬዲዮ የወጣ ይበቃል፤ ገንዘቡ ሳጥኑ ላይ ይዋል" ባይ ነው። በቃል ከሚጨቃጨቁ ይጻፉት አልን። በዕድሜ ሬዲዮ ሠሪው ለጊታሪስቱ አባት ይሆነዋል። ግን ድሬ ነው፤ አንቱታ አትጠብቁ።

ጊታሪስቱ

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ስፒከሬ እንደተቀደደ ሮጬ የመኪና ስፒከር ገዛሁ። አዲስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጀርባው ላይ "300 ዋት" ተጽፎበታል። ገጠምኩት። ያለ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆነ ብሎ እያሻከረ የሚያበላሸው) ስጫወት ትንሽ ቀጠን አለ እንጂ ምንም አይል። ዲስቶርሽን ስከፍት ግን ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ሆነ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ "ምን ተቃጠለ?" አለችኝ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የጊታር ስፒከር ከዚያ አካባቢ ይነሣና 5 ሺህ ኸርዝ ገደማ ሲደርስ ይደክማል። ሆነ ተብሎ ነው። ዲስቶርሽን የሚያመጣው ያ ጆሮ የሚፍቅ ነገር አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው፤ ስፒከሩ ያስቀረዋል። የመኪናው ስፒከር ግን መሐሉ ላይ ትንሽ ትዊተር፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣ ስፒከር፣ አለችው። እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያገኘችውን ሁሉ ታወጣለች። ለካሴት ዘፈን ጥሩ ናት። ለእኔ ጊታር አልሆነችም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ዋት ማየቴ ነው። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ሳይቃጠል የሚችለው ጉልበት ነው፤ የሚሰጥህ ድምፅ አይደለም። "5 ዋት አምፕ ባለ 60 ዋት ስፒከር አያንቀሳቅስም" የሚሉም አሉ። ውሸት ነው፤ ሸጋ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል። መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ ዲቢ። አንድ ዋት ተሰጥቶት፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ይጮሃል? ሴለስሽን የሚባለው የጊታር ስፒከር ፋብሪካ ኤይት 15 የሚለው ትንሹ ባለ 8 ኢንች 94 ዲቢ ነው። የዚያው ፋብሪካ ግሪንባክ 98 ነው። ቪንቴጅ 30 ደግሞ 100 ይደርሳል።

ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ። አይደሉም። ሦስት ዲቢ በጨመርክ ቁጥር አምፑን በእጥፍ እንዳሳደግከው ነው። ከ94 እስከ 100 ስድስት አለ፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም አራት እጥፍ። የእኔ 5 ዋት ባለ 100 ዲቢ ስፒከር ላይ ሲሰካ፣ 20 ዋት አምፕ ባለ 94 ዲቢው ላይ የሚጮኸውን ያህል ይጮሃል። ባለ 20 ዋት አምፕ ከመግዛት ስፒከር መቀየር አይረክስም?

አሁን ልጠይቅህ። ያ ከሬዲዮ ሆድ የምታወጣው ስፒከር ስንት ዲቢ ነው?

ሬዲዮ ሠሪው

አቦ፣ አላውቀውም! የተጻፈበት ነገር የለም። ግን አምጣውና በጆሮህ ስማው።

የመኪናው ስፒከር ላይ ያልከው ልክ ነው። እኔ ጋ መጥተህ ቢሆን አልሸጥልህም ነበር። የእሱን ጥፋት ግን በእኔ ሬዲዮ ላይ አትለጥፍ። የድሮ ቲዩብ ሬዲዮ ስንት ዋት የሚያወጣ ይመስልሃል? ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት። በዚያች ጉልበት ሳሎን ሙሉ ሰው ዜና መስማት ነበረበት። ስለዚህ ወረቀቱን ቀጭንና ቀላል አድርገው ሠሩት፤ ትንሽ ሲነኩት ይነሣል። ያንተን ችግር ከአንተ በፊት ያሰቡበት ሰዎች ናቸው። ትዊተር የለው፣ ምን የለው፤ ያ ጆሮ የሚፍቀውን እሱም ያስቀረዋል።

ፌንደር ቻምፕ የሚባለውን ትንሽ የጊታር አምፕ ታውቃለህ። 5 ዋት፣ 8 ኢንች። ውስጡን ብትከፍተው ከሬዲዮ ብዙም አይርቅም። እንዴት ይራቅ? ሊዮ ፌንደር ራሱ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የከፈተው ሱቅ የሬዲዮ መጠገኛ ነው። ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም ነበር። (ይህን የምነግርህ ጊታሪስቶች ሁሉን የምታውቁ ስለሚመስላችሁ ነው።)

አሮጌ ስፒከር እንዴት እንደምመርጥ ላሳይህ። ጠረጴዛ ላይ አስተኛዋለሁ። የሁለት እጄን ጣቶች ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ እኩል አሳርፋለሁ። ቀስ ብዬ ወደ ታች እገፋለሁ፣ እለቃለሁ። ጆሮዬ እዚያው ነው። ዝም ካለ ደህና ነው። "ክርር" ካለ ኮይሉ፣ ከወረቀቱ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል፣ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ወይ ተጣሟል፣ ወይ አሸዋ ገብቶበታል። የደቻቱ ንፋስ ስንት ስፒከር እንደበላብኝ አትጠይቀኝ። የብረት ብናኝ ከሆነማ ማግኔቱ አጥብቆ ስለሚይዘው አይወጣም። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡህ አትውሰድ። የወረቀት ቀዳዳ ግን አያስፈራም። ስስ ወረቀትና ቀጠን ያለ ኮላ ነው መድኃኒቱ። ያንተም ስፒከር ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ከሆነ ለምን ጣልከው?

ዋናው ነገር ሳጥኑ ነው። እቤትህ ሞክረው። ስፒከሩን እንዲሁ በእጅህ ይዘህ ጊታር አሰማበት። ቀጭን ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ የለም። ከዚያ አንድ ሰፊ ካርቶን በስፒከሩ ልክ ቅደድና ቀዳዳው ላይ አስጠጋው። ወፍራሙ ድምፅ ከየት መጣ ትላለህ። ከየትም አልመጣም፤ ከፊት የሚወጣውን አየር ከኋላ የሚወጣው ያጠፋው ነበር፣ ካርቶኑ ለያያቸው። ካርቶን ይህን ካደረገ ጥሩ ኮምፔንሳቶ ምን እንደሚያደርግ አስበው። የፋብሪካ ትናንሽ አምፖች ሳጥናቸው የጫማ ካርቶን ያህላል። የተበላሸው እዚያ ነው። ሰፋ ያለ፣ ጀርባው ግማሽ ክፍት የሆነ ሳጥን አሠራ፤ ያው 8 ኢንች 10 ኢንች መሰለ ትላለህ። ቺፕውድ ግን አይሁን፤ ብሎኑን አጥብቆ አይዝም፣ ውኃ ሲነካው ደግሞ እንደ አምባሻ ያብጣል።

ጊታሪስቱ

ስለ ሳጥኑ አልከራከርህም፤ ካርቶኑን ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ስፒከሬን ያልጠገንኩት ደግሞ ቀዳዳው የጣት ሳይሆን የእጅ ስለሆነ ነው። የእህቴ ልጅ ናት።

ግን ሁለት ነገር ዘለልክ። አንደኛ ኦም፣ ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም። የእኔ አምፕ 8 ኦም ይላል። የሬዲዮ ስፒከር ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ነው። ቲዩብ አምፕ እንደ ትራንዚስተር አይደለም፤ መውጫው ላይ ያለው ትራንስፎርመር በልኩ ኦም ይፈልጋል። ያለ ስፒከር ብትከፍተውማ ትራንስፎርመሩን ልታቃጥለው ትችላለህ። ለርካሽ ስፒከር ብዬ ውዱን አምፕ ላጣ ነው?

ሁለተኛ፣ 5 ዋት ሁልጊዜ 5 ዋት አይደለም። 5 የሚሉት ድምፁ ሳይበላሽ ነው። እኛ ጊታሪስቶች ደግሞ የምንወደው ሲበላሽ ነው። እስከ መጨረሻ ሲከፈት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ለሦስትና ለአራት ዋት የተሠራ አሮጌ ወረቀት ላይ ይህን ስትለቅበት ስንት ቀን ይቆያል? ለዚህ ነው ከአምፑ ቢያንስ እጥፍ ዋት የሚችል ስፒከር ግዛ የሚሉት።

መጠንም አለ። ባለ 12 ኢንች ፊቱ ከባለ 8ቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል። አየር የሚገፋው ያ ፊት ነው። ትዝታ ቀስ ብዬ ስጫወት ወፍራሙ ክር ደረት ላይ እንዲያርፍ እፈልጋለሁ። በ8 ኢንች ጆሮ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሬዲዮ ሠሪው

የኦሙን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ መልሱ ግን ሁለቱንም ጥያቄህን በአንድ ድንጋይ ይመታል። ሁለት አድርጋቸው።

ስቴሪዮ የነበሩ አሮጌ ሬዲዮኖች ስፒከራቸው ጥንድ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ውሰድ። የአንዱን ፖዘቲቭ ከአምፑ፣ የእሱን ኔጋቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛውን ኔጋቲቭ ወደ አምፑ መልስ። አራትና አራት ስምንት። አምፕህ ደስ ይለዋል። ጉልበቱም ለሁለት ይካፈላል፤ 10 ዋት ቢለቀቅ እንኳ ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። ከዋጋቸው አንፃር አንዱ ቢሞት አላለቅስም። አየር የሚገፋው ፊት ካልክም ሁለት 8 ኢንች ከአንድ 12 ብዙም አያንስም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አሮጌ ስፒከር ላይ የፖዘቲቩ ምልክት ጠፍቶ ይሆናል። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ከሳበ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰድ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን። በሁለት ሽቦ ስፒከሩን ለቅጽበት ንካው፣ ወዲያው አንሣ። ወረቀቱ ወደ አንተ ብቅ ካለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው። በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። እኔ ይህን ስሠራ ልጆች ሱቄ በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ስፒከሩ የተነፈሰ ይመስላቸዋል።

እና ደግሞ ልጄ፣ የምትጫወተው የት ነው? ክፍልህ ውስጥ። አንተ እንደምትለው 100 ዲቢ ከሆነ ጎረቤት ምን ይላል? በዚህች ከተማ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ሲነሣ ማን ሴለስሽን ነበረው?

ጊታሪስቱ

አንተስ እንዳልነበራቸው በምን አወቅህ?

ሁለት የማድረጉ ነገር ብልሃት ነው፤ አልክድም። ግን ጥንዱ የት አለ? ባለፈው ሱቅህ መጥቼ አይቻለሁ። አንዱ 8 ኢንች ነበር፣ ሌላው ሞላላ። ኦማቸውም አይገናኝም፤ በተከታታይ ሲገጠሙ ደግሞ ኦሙ የበዛው ጉልበቱን ይበላል። ጥንድ እስኪገኝ ስንት ወር ልጠብቅ? የጊታር ስፒከር ስትገዛ የምትገዛው ያንን ነው፤ ዛሬ ገጥመህ ማታ መጫወት።

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ውዱን ግዛ አላልኩም። ማግኔቱ አልኒኮ የሆነ አያስፈልገኝም፤ ተራ ፌራይት ይበቃል። አዲስም አያስፈልግም። ሙዚቀኛ አምፑን ሲያሻሽል የድሮ ስፒከሩን ያወጣዋል፤ በስፋት የሚሸጠው እሱ ነው። የተጫወቱበት ደግሞ ጠርዙ ስለለሰለሰ ድምፁ ይለዝባል። ከወደድኩት እጠቀምበታለሁ፤ ካልወደድኩት ደግሞ የሚገዛኝ አላጣም። ያንተን የሬዲዮ ስፒከር ማን ይገዛኛል?

ስለ ጎረቤት፦ አምፑ ላይ መቀነሻ አለ። ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ዝቅ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ ሠርግ ላይ ግን ከበሮው ጊታሬን እንዳይውጥብኝ እያንዳንዷ ዲቢ ታስፈልገኛለች። ከሌለች ከየትም አላመጣትም።

ሬዲዮ ሠሪው

ሠርግ አልክ እንዴ? መጀመሪያ እንዲህ አትልም! ለሠርግማ ሁለቱም የሬዲዮ ስፒከሮቼ አይበቁም። 5 ዋትህም አይበቃም፤ ያንተን 100 ዲቢ ብትገጥምለት እንኳ ከከበሮ ጋር ገና ይታገላል። ለሠርግ ማይክ አስጠግተህ ወደ ሞንታርቦው አስገባው። ያኔ ደግሞ ትንሿም ስፒከር በቂ ናት፤ ጩኸቱን የሚያወጣው ሌላ ነውና። ስለዚህ ዲቢህ በጣም የምትጠቅምህ በሁለቱ መሐል ነው፤ ከክፍልህ ሰፋ፣ ከሠርግ ጠበብ ያለ ቦታ። ለምሳሌ የጓደኞችህ ልምምድ።

ሞላላውን በተመለከተ፣ እሱን ለአንተ አላሳየሁህም፤ አንተ ነህ ያነሣኸው። ጥንዱ ከመደርደሪያው በስተጀርባ ነበር። የመጣኸው በሰባት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሙቀት ማን ተነሥቶ መደርደሪያ ያንቀሳቅሳል?

አሁን እንዲህ እናድርግ። አገኛለሁ ያልከውን ያገለገለ ባለ 12 ኢንች ይዘህ ና፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። የእኔን ጥንድ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እጠብቅሃለሁ፣ ላንተም ቀዳዳ ያለው ኮምፔንሳቶ አለ። በአንድ አምፕ፣ በአንድ ጊታር፣ አምፑን እያጠፋን ገመዱን እየቀያየርን እንሰማለን። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ። ከመግጠማችን በፊት ግን ስፒከርህን በቴስተር እለካዋለሁ። ባለ 8 ኦም ከሆነ ቴስተሩ ላይ ከ6 እስከ 7 ያነባል። 3 ካነበበ ወደ አምፑ አናስጠጋውም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አላምንም።