አብሽ ፈልጌ «አብሽር» ተባልኩ

ኧረ ምን ጉድ ነው! እናቴ የበርበሬ ቅመም ግዛ ብላኝ ደሴ ገበያ ወጣሁ። ኮረሪማው ሲፈለፈል ግማሹ ባዶ። ዋጋው ለምን ናረ ስል መልሱ «መንገድ» ነው። እሺ፣ ኮረሪማ ከከፋ፣ እርድ ከቴፒ አገር አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ ይገባኛል። አብሹስ? እዚሁ ወሎ ደጋ የሚዘራው አብሽ የትኛውን መንገድ ሄዶ ነው የተወደደው?

የተፈጨ በርበሬማ ሁለተኛ አልነካም። ባለፈው የገዛሁትን ውሃ ላይ ብነሰንሰው ከሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ዘቀጠ። ወጡ መልኩ ቀይ፣ ጣዕሙ ሸክላ! እናቴ ቀምሳ ዝም አለች። ዝምታዋ ከስድብ ይከፋል።

ሻጩ ደግሞ ፈገግ ብሎ «አብሽር፣ ይረክሳል» ይለኛል። ወንድሜ፣ እኔ የጠየቅኩህ አብሽ ነው!