ከቀለሙ በፊት ባነሩ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ግድግዳ ላይ ስዕል ለመሳል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀለም ከመሰላችሁ፣ ኮሚቴ ውስጥ ገብታችሁ አታውቁም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባነር ነው። ከባነሩ በፊት ቲሸርት። ከቲሸርቱ በፊት ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ። ግሩፑ ላይ ስለ ስዕል አንድ ቃል ሳይነሳ ሎጎው ላይ ጸብ ይነሳል፣ ሁለት ሰው ተቆጥቶ ይወጣል፣ አንዱ የማይታወቅ ሰውዬ ገብቶ በቀን ሃምሳ ሺህ ብር ስለሚያስገኝ ሥራ ይለጥፋል።

የእኛ ግድግዳ ረጅም አጥር ነው። ማታ መብራት የለውም፣ ከጎኑ ግሮሰሪ አለ። የቀረውን እናንተ ሙሉት። ድሮ በትልልቁ "እዚህ አጥር ስር መሽናት" ተብሎ፣ ከሥሩ ባለው መስመር ደግሞ "በፍጹም ክልክል ነው" ተብሎ ተጽፎበት ነበር። የታችኛው መስመር በምን ታጥቦ እንደጠፋ መናገር አያስፈልግም። አሁን የሚነበበው የላይኛው ብቻ ነው። ግብዣ ይመስላል።

እናም የሰፈሩ ወጣቶች "ሰው ስዕል ላይ አይሸናም" የሚል ሐሳብ አመጡ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ከመካከላቸው አንዷ አለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትማራለች። ከ1950 ጀምሮ ሠዓሊ ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው፣ ልጅቷም እጇ ይናገራል። ለእሷ ቢተዉላት በሁለት ቅዳሜ ትጨርሰው ነበር። ግን በማን ፈቃድ? ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤው ማህተም ይፈልጋል፣ ማህተሙን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ ደግሞ "ፕሮፖዛላችሁ ላይ የተጠቃሚ ብዛት አልተሞላም" አላቸው። ልጆቹ ተያዩ። የግድግዳው ነባር ተጠቃሚዎች ይቆጠሩ ወይስ አዲሶቹ?

ምን ይሳል የሚለውን ስብሰባ ብታዩት! አንዱ አክሱም አለ፣ አንዱ ላሊበላ፣ አንዱ የጀጎል ግንብ። አንድ አባት አበበ ቢቂላን አሉ፣ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ። ይሄኛው ተስማማን ሲባል አንድ ሕጻን "ጫማው ጋ ስትደርሱ ቀለም አልቆባችሁ ነው ሊባል ነው" አለና ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ባንዲራ ይኑር ሲባል የትኛው ተባለ። ወዲያው ዝም ተባለ። ከዚያ በኋላ ማንንም የማያስቀይም ነገር ፍለጋ ተጀመረ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወጣ በመጨረሻ ጀበና ብቻ ቀረ። ጀበናው ራሱ "የየት አገር ጀበና ነው? አፍንጫ ያለው ነው የሌለው?" ተብሎ ለቀጣዩ ሳምንት ተቀጠረ። (በነገራችን ላይ አፍንጫ ያለው አሸነፈ፣ በአንድ ድምፅ ልዩነት።)

የምርቃቱ ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ድምፅ ማጉያ ተከራየ፣ ሪባን ተቆረጠ። እንግዶቹ አዲስ ጓንት አጥልቀው፣ ቀለም ያልነካው ብሩሽ ይዘው፣ ስዕሉ ላይ ብሩሹን አስጠግተው ፎቶ ተነሱ። ንግግር ያላደረገችው ልጅቷ ብቻ ናት። ባነሩ የት ተሰቀለ? ስዕሉ ላይ። ከግድግዳው ሌላ የሚሰቀልበት ቦታ አልነበረማ።

በሳምንቱ ጀበናው ሆድ ላይ "ሽንት ቤት እንመጥጣለን" የሚል ጽሑፍ ከነስልክ ቁጥሩ ወጣ። እኔ እነዚህን ሰዎች አደንቃቸዋለሁ፣ የምሬን ነው። ፕሮፖዛል የላቸውም፣ ማህተም አይጠይቁም፣ ከተማው ውስጥ እነሱ ያልደረሱበት ግድግዳ የለም። ቆይቶ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ግራጫ ሲቀባ የእኛም ግድግዳ ከነጀበናው ግራጫ ሆነ። ስልክ ቁጥሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተጻፈ።

ያለ ኮሚቴ የሚሠራ ጥበብ ግን ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ፈንድቃን አስቡ። ካዛንቺስ የነበረ አዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ እዚያ ለሽልማት ሲወዛወዝ አምሽቶ ባንኮኒው ሥር ይተኛ ነበር፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ስዕልም ግጥምም ጃዝም የሚታይበት የባህል ማዕከል አደረገው። 2017 ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ እንጂ በኮሚቴ አልሞተም። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው፣ አያቶቻችን ቤት በሚሠሩበት ብልሃት። የጥምቀት ልጆችን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየቤቱ ዞረው ብር ሰብስበው፣ ምንጣፉን ከታቦቱ ፊት ያነጥፋሉ፣ ያለፈበትን ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ፊት ይወስዳሉ፣ መልሰው ያነጥፋሉ። ያንን ቅንጅት የትኛውም አሰልጣኝ በሦስት ቀን ወርክሾፕ አያመጣውም፣ አበሉ ቢጨመርም።

ለእኔ ግን የከተማው ቁንጮ ሠዓሊዎች የእንቁጣጣሽ ልጆች ናቸው። ነሐሴ ሲጋመስ ጀምረው አበባ፣ መልአክና ጸሐይ በከለር ይስላሉ፣ በአዲስ ዓመት ጠዋት በር እያንኳኩ ያድላሉ፣ ብር ይቀበላሉ። ኤግዚቢሽኑ ደጃፋችሁ ድረስ ይመጣል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዘንድሮ ከእነሱ አንዱን አግኝቶ አዲስ ግድግዳ ላይ እንዲስል ለመነው።

"ስንት ትከፍላላችሁ?" አለ ልጁ።

"ይሄ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው ማሙሽ። ለማህበረሰቡ ነው።"

"ማህበረሰቡ እኮ ጋሼ፣ ለእኔ ይከፍለኛል" አለና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።