«እናትሽ በምን ሞተች?» ብሎ የሚጠይቅ ይኑር

አክስቴ ስትሞት ለቀስተኛው ሁሉ «በምን ታማ ነው?» ይል ነበር። እኛም «ሆዷን አሟት ነው» እያልን ሸኘን። የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ልጇ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። እዚህ ጅማ ሕክምና ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ካርዷ ዓይኔ ላይ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የደም ግፊት። ስለ እናቷ ግን አንድ መስመር የለም። ማንም አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርንም።

ይሄ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

አንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርስበታል። ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው። አንዱ ክር ሲበጠስ ፓርፕ የሚባል ፕሮቲን ፈጥኖ ይደርስና ጠጋኞቹን ይጠራል። ሳይጠገን ከቀረ፣ ሴሉ ሲባዛ ሁለቱም ክር ይበጠሳል። ያን ጊዜ ለመጠገን ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ።

የተበላሸ የብራካ ዘረመል የሚወርሱ ሰዎች አሉ፤ በጡትና በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነው። ካንሰራቸው ብዙ ጊዜ ብራካ አልባ ስለሆነ በፓርፕ ላይ ይንጠላጠላል። ፓርፕን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ ጤነኛው ሴል በብራካው ይተርፋል፤ የካንሰሩ ሴል ይሞታል። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ይህንን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳዩ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለኦቫሪ ካንሰር ተፈቀደ። የካንሰሩን ጉድለት መልሶ በራሱ ላይ ማዞር! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

መድኃኒቱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለማን እንደሚሆን የሚለየው ግን የዘረመል ምርመራ ነው። ማን ይመርመር የሚለው ደግሞ የሚጀምረው ከእስክሪብቶና ከወረቀት ነው። ከአጋሮም ትምጣ ከሰቃ፣ እናቷ፣ እህቷ፣ አክስቷ በምን እንደታመሙ ትጠየቅ። በአባቷም ወገን! የተበላሸውን ዘረመል አባትም ያወርሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚመጣ አይደለም። በዘር የመጣውን ለመለየት ግን መጠየቅ ግድ ነው።

የጤና ኃላፊዎቻችንን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ካርዱ ላይ የቤተሰብ ታሪክ ቦታ ይኑረው። የብራካ ምርመራም ለጅማ ሴት የሚደረስበት ይሁን፤ ደሟ እዚህ ተቀድቶ ናሙናው ይላክላት።

የአክስቴ ልጅ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ባለፈው ወር ደብተር ገዛሁና የአያታቸውንና የእናታቸውን በሽታ ስሙን ሳልደብቅ፣ ከነዓመቱ ጻፍኩላቸው።