ውዳሴ ለተዘዋዋሪው ሹም

ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥር ካባ የሚደረብላቸውን ኃላፊዎቻችንን የሚያማ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። «ወንበሩን እንኳ ሳያሞቁት ሄዱ» ይላል አንዱ። «የጀመሩትን ማን ሊጨርሰው ነው?» ይላል ሌላው። እንዲህ የሚናገር ሰው ሥራ መጨረስ ምን ያህል አደገኛ ነገር እንደሆነ አያውቅም። የተጨረሰ ሥራ ይመረቃል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፤ ተመዝኖ ሲቀልም ባለቤቱ ይፈለጋል። በጅምር ያለ ሥራ ግን ምንጊዜም «በጥሩ አፈጻጸም ላይ ይገኛል»። በጥሩ አፈጻጸም ላይ የሚገኝ ሥራን ጥሎ መሄድ እንጂ አጠናቅቆ መቀመጥማ ምን ጥበብ ይጠይቃል?

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዕድሜያቸው አርባ አምስት አካባቢ ለደረሰ፣ ከባለሙያነት ተነሥተው ቡድን መሪ፣ ዳይሬክተር፣ ምክትል፣ ዋና እያሉ ለወጡ፣ አሁን ግን የውስጥ እግራቸውን ለሚበላቸው የመንግሥት ኃላፊዎች የቀረበ ምስጋና ነው። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያው ግቢ፣ ያው ሹፌር፣ ያው ቅሬታ አቅራቢ! ይህን የሚችል ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይባላል እንጂ አመራር አይባልም።

መንገድ የጀመሩ ኃላፊ ያስታውቃሉ። ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲጠየቁ ስለ አገራዊ ራዕይ ይመልሳሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይገኙም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የምስክር ወረቀቶች አንድ በአንድ ወርደው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ቅዳሜና እሑድ በአመራር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ይማራሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውም «በመንግሥት ተቋማት የሠራተኛ ፍልሰት መንስኤዎች» የሚል ነው። መረጃ ለመሰብሰብ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

አዲሱ ቤት ሲገቡ የሚያሳዩት ጨዋነት ደግሞ ልብ ይነካል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ኃላፊ ስም ከቶ አያነሡም፤ ሐሜት እንዳይሆንባቸው ይሆናል። የቀድሞው ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ከነጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ቀድሞ ስለወጣ ብቸኝነት አይሰማውም። አዲሱ ዕቅድ የሚዘጋጀው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ነው። አራት ኪሎ ተቀምጦ ስለ አራት ኪሎ ማሰብ እንደማይቻል በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ከሐይቁ መልስ መዋቅሩ ይፈርሳል። ዳይሬክቶሬት የነበረው ሥራ አስፈጻሚ ይባላል፤ ቡድን የነበረው ዴስክ ይሆናል፤ ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነቃነቅ የሥራ መደቡ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ቀጥሎ ዓርማው ይለወጣል፣ ቀጥሎ መጋረጃው። ቢሮው ታድሶ «ለሥራ ምቹ» ሲሆን ኃላፊው የሚጎበኙት በአብዛኛው ካሜራ ተከትሏቸው ነው። ከዚያ የ100 ቀን ዕቅድ ይቀርባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቶ ቀን በዛ፤ መጋረጃውን ለመስቀል ስልሳ ቀን ይበቃ ነበር።

መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ከሹሞቻቸው መማራቸው ያኮራል። የመንግሥትን ሠራተኛ አረጋግቶ እንዲያስተዳድር የቆመውን ተቋም ተመልከቱ። በ2003 ዓ.ም. ሲቪል ሰርቪስ ሚኒስቴር ነበር። በ2008 የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር ሆነ። በ2011 ደግሞ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ተባለ። አረጋጊው እንዲህ ከተንቀሳቀሰ ተረጋጊው ቆሞ ቢቀር ነውር ነበር። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅም ቢሆን ወጉን ጠብቋል፤ በ2008 ወጣ፣ በ2011 ተተካ፣ በ2014 እንደገና ተተካ። በየጊዜው ማኅተም የሚቀርጹና የደብዳቤ ወረቀት የሚያትሙ ወገኖቻችን ለዚህ ሕግ አውጪ ያላቸውን ፍቅር በቃል መግለጽ ይከብዳል።

ኃላፊዎቻችን ለሠራተኛው ያበረከቱትን ትምህርት ማን ይዘነጋል? ሃያ ዓመት ያገለገለ ባለሙያ ዛሬ ቢፒአርን (የሥራ ሂደት ክለሳን) ያውቃል፣ ቢኤስሲን (ሚዛናዊ የውጤት ምዘናን) ያውቃል፣ በለውጥ ሠራዊት ታቅፎ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፣ ከጃፓን በመጣው የአሠራር ስልት፣ በካይዘን፣ ጠረጴዛውን አጽድቷል፣ የዜጎች ቻርተር በሩ ላይ ለጥፏል። ለእያንዳንዱ አዳማ ወርዶ ሠልጥኗል፤ የእያንዳንዱን ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ተመልሷል። በየሥልጠናው መክፈቻ ላይ «ይህኛው ከሌሎቹ የተለየ ነው» የሚል ንግግር ሰምቷል። ንግግሩን ያደረጉት ሰው ትግበራው ሲጀመር ብዙውን ጊዜ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ሌላውን የተለየ ነገር ሲከፍቱ ነበሩ። ተገልጋዩስ? ያን ጊዜ «ፋይሉ ጠፍቷል» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህን ለውጥ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

በጥንት ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዕድል አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን አስታውሱ። ከነጻነት ማግስት ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በጽሕፈት ሚኒስትርነት ተቀምጠው፣ መዝገቡንም ሰዉንም ጉዳዩንም ጠንቅቀው አወቁ። ስሕተታቸው ይኸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. ተነሥተው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ፤ ኋላም ወደ ገሙ ጎፋ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ መራቅ ሹመት የለበሰ ግዞት ነበርና ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። የዛሬው ሹም ብልህ ነው፤ ጉዳዩን ጠንቅቆ እስኪያውቅ አይቆይም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ተረት ሥራ ፈትቷል። ዛሬ ማን ይሻራል? «በሌላ የሥራ ኃላፊነት እስኪመደቡ ድረስ» ይነሣሉ እንጂ።

የመነሻው ቀን ደግሞ ዓውደ ዓመት ነው። በአዳራሹ ካባ ይደረባል፤ በአገር ባህል ልብስ የተሣሉበት ሥዕል በክፈፍ ተደርጎ ይበረከታል፤ ባለፈው ሳምንት ዝውውር የተከለከለው ባለሙያ እንባ እየተናነቀው ግጥም ያነባል። (እንባው እውነተኛ ነው፤ ማመልከቻው ላይ ሊፈርሙለት ቃል የገቡት እኚሁ ኃላፊ ነበሩ።) ከዚያ ርክክብ ይደረጋል። ላፕቶፑ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ የመኪናው ቁልፍ ይቆጠራል፣ ማኅተሙ በቃለ ጉባኤ ይተላለፋል። ከተቋራጩ ጋር የተጀመረው ድርድር የት እንደደረሰ፣ ለጋሹ ገንዘቡን ለምን እንደያዘው፣ በክልል ያለው ቅርንጫፍ ለምን እንዳኮረፈ የሚገባበት ሞዴል ስላልታተመ ከኃላፊው ጋር በመኪና ይሄዳል። ከኃላፊነት ለሚነሡ ከፍተኛ ሹማምንት መብትና ጥቅም አዋጅ ቁጥር 653/2001 ወጥቶላቸዋል። ተነሥተው ለሚሄዱበት መሥሪያ ቤት መብትና ጥቅም የሚደነግግ አዋጅ ግን ረቂቁን እንኳ አላየሁም።

ወዴት ይሄዳሉ? ቀድሞ አምባሳደርነት ተወዳጅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ ከ30 የማያንሱ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች እንደሚዘጉ ሲያስታውቅ የስንቱ ልብ እንደተሰበረ የሚያውቀው ቤተሰባቸው ነው። ሥልጠናም አለ፤ ሱሉልታ ያለው የአፍሪካ አመራር ልህቀት አካዳሚ አየሩ ንጹሕ፣ እይታው ሰፊ ነው። እኔ ግን ለወዳጄ የምመክረው አማካሪነትን፣ ያውም በሚኒስትር ዴኤታ ማዕረግ። ማዕረጉ መኪና አለው፣ ቢሮ አለው፣ ጸሐፊ አለችው፤ የሌለው ደጅ የሚጠና ባለጉዳይና ምክር የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይሁንና ከሁሉ የላቀ ደረጃ የደረሱት ከመንግሥት ቤት ወጥተው በግል አጥኚነት የተሰማሩት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ኃላፊው አንድ ፕሮጀክት ያስጀምራሉ፤ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ይነሣሉ። ሁለተኛው ኃላፊ መጥተው ዲዛይኑን ያስከልሳሉ፤ ይነሣሉ። ሦስተኛው የፕሮጀክቱን ስም ቀይረው ሌላ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። በዚህ መካከል ገንዘቡን የሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራው ለምን እንደዘገየ የሚያጠና ልምድ ያለው ባለሙያ በጨረታ ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ኃላፊ የተሻለ ልምድ ያለው ማን ይገኛል? በውጭ ምንዛሪ ይዋዋላሉ። የቀድሞ ቢሯቸው ሄደው በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሦስተኛው ኃላፊ መጠይቅ ያስሞላሉ። ወደ ኋላ ተመልሰው ያዘጋጁት ሪፖርት ሰማንያ ገጽ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት ተግዳሮቶች ቀዳሚው «ተደጋጋሚ የአመራር መቀያየር» ነው። ይህን ያህል በሐቅ የሚጽፍ ሰው ከየት ይመጣል? የመፍትሔ ሐሳባቸው ደግሞ ሁለተኛ ዙር ጥናት ነው።

አሁንም የሚያማ ካለ አንድ ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ ኃላፊዎችን የሚጠይቅበትን ስብሰባ በቴሌቪዥን ይከታተል። ሰብሳቢው «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ሳይወራረድ ቀረ?» ይላሉ። ኃላፊው ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርገው፣ ለተሰጣቸው ዕድል አመስግነው «እኔ ለቦታው አዲስ ነኝ፤ ግኝቱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው፤ ሆኖም እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ይላሉ። ኮሚቴውም የማስተካከያ መርሐ ግብር ይዘው በሚቀጥለው እንዲቀርቡ አቅጣጫ ይሰጣል። በሚቀጥለው የሚቀርቡት ሌላ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ኃላፊ ደግሞ በዚያው ሳምንት በሌላው አዳራሽ፣ ስለ ሌላ መሥሪያ ቤት ጉድለት ተጠይቀው «ለቦታው አዲስ ነኝ» እያሉ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ለቦታው አዲስ ያልሆነው ያልተወራረደው ሒሳብ ብቻ ነው።